ነዳጅ መርከብ ላይ ለሚሳፈር የሆሳዕና ልጅ

"ምከረው፣ ምከረው፤ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው" ይላል የአገራችን ሰው። ልጄ፣ አንተ በምትሄድበት ሥራ ግን መከራ መካሪ አይሆንም፤ ለመምከር የሚበቃ ጊዜም አይሰጥም። አባትህ "ልጁ ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ይበሉልኝ" ሲለኝ፣ በአፍ ብቻ ነግሬህ መንገድ ላይ እንዳይቀር ብዬ በወረቀት አሰፈርኩልህ። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል" ነውና ከሰነዶችህ ጋር ያዘው።

ምን አውቆ ነው የሚመክረኝ እንዳትል። ጉልበቴን የጨረስኩት በነዳጅ ታንክ አናት ላይ ነው። በእኛ ዘመን ከሐዲያና ከከምባታ ለሥራ የሚወጣው ወጣት ብዙው ወደ ወንጂና ወደ መተሐራ ሸንኮራ ነበር የሚወርደው፤ የእኔ ዕጣ አሰብ ሆነ። በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ሥራ ጀምሮ እስከ 1997 ድረስ ቆይቷል። ድፍድፉ በመርከብ ይመጣል፤ ከመርከቡ ወደ የብስ ታንክ ይገፋል፤ ሲወጣም ሲገባም ይለካል። ገንዘብ የሚከፈለው የለካውን ሰው ቃል ተይዞ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜዬን በዴፖና በማደያ አሳለፍኩ። መርከብ ላይ የሚለካውም፣ ቦቴ ላይ የሚለካውም፣ ማደያው ጓሮ ከመሬት በታች የሚለካውም ያው አንድ ፈሳሽ ነው፤ ጠባዩም አይለወጥም።

አሰብ ከእጃችን ከወጣ ወዲህ ነዳጃችን ከሞላ ጎደል በጅቡቲ በኩል ነው የሚገባው። መርከቡ ዶራሌ ከሚገኘው ሆራይዘን ተርሚናል ይቆማል፤ ነዳጁ የብስ ላይ ወዳሉት ታንኮች ይገለበጣል፤ ከዚያ ቦቴ ይጭነውና በረሃውን አቋርጦ፣ ደጋውን ወጥቶ፣ አንዳንዱ ሆሳዕና፣ አንዳንዱ ዱራሜና ሺንሺቾ ይደርሳል። ከሆሳዕና ማደያ ፊት ለፊት የተሰለፉትን ባጃጆች ታውቃቸዋለህ። ማደያው "አልቋል" ሲል በሃይላንድ የተሞላ ቤንዚን ከመንገድ ዳር በእጥፍ የሚገዙትን ልጆች ታውቃቸዋለህ፤ አብረውህ የተማሩ ናቸው። ባሕር ላይ አንድ ሰው ሳያይ የፈረመው ቁጥር የመጨረሻ ዋጋው የሚከፈለው በእነሱ ኪስ ነው። ይህን ከፊትህ አድርገህ ሂድ።

የምነግርህ ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይጠቀለላል። በዓይንህ ያላየኸውን፣ በእጅህ ያልለካኸውን ቁጥር አትጻፍ፤ ሌላ ሰው የጻፈውንም ሳታረጋግጥ አትፈርምበት። "ሰማይ ሩቅ፣ አደራ ጥብቅ" ይባላል። የጭነቱ ባለቤት ምናልባት ዱባይ ወይም ለንደን ተቀምጧል፤ ተቀባዩ አዲስ አበባ ነው፤ ሁለቱም ታንኩን አያዩትም። የሚያዩት አንተ የጻፍከውን ወረቀት ብቻ ነው።

እስቲ ወደ ሥራው ልግባ። መርከቧ ስትቆም መጀመሪያ አቀማመጧን አንብብ። ከፊትና ከኋላ አካሏ ላይ የተጻፈውን የጥልቀት ምልክት እይ። ወደ ኋላ ብታጋድል፣ ወይም ወደ አንድ ጎን ብታዘነብል ፈሳሹ ወደዚያው ይሰበሰባል፤ በመለኪያው ቀዳዳ የምታገኘው ቁመትም የታንኩን ትክክለኛ ልክ አይነግርህም። ለዚህ ማስተካከያ እያንዳንዱ መርከብ የራሱ ሠንጠረዥ አለው። አንዳንዱ ችኩል መኮንን "ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ እለፈው" ይልሃል። አትለፈው።

መርከብ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚለካው የፈሳሹ ቁመት ሳይሆን ከፈሳሹ በላይ የቀረው ባዶ ቦታ ነው፤ አሌጅ ይሉታል። እኛ አሰብ ላይ ጫፉ ላይ የናስ ቱንቢ ያለበትን የብረት ሜትር እያወረድን፣ ሜትሩ ላይ የረጠበውን ምልክት እናነብ ነበር። አሁን ዩቲአይ የሚባል መሣሪያ አለ። ታንኩ ሳይከፈት በጠባብ መግቢያ በኩል ይወርዳል፤ ጫፉ ነዳጁን ሲነካ ይጮኻል፤ ውሃ ሲነካ ጩኸቱ ይለወጣል፤ ሙቀቱንም ያነባል። መሣሪያው ግሩም ነው፤ የሚይዘው ግን ሰው ነው። ሦስት ጊዜ አውርደህ አንብብ። ሦስቱ ንባቦች ከ3 ሚሊሜትር በላይ ከተራራቁ እንደገና ጀምር። ማዕበል ኖሮ ፈሳሹ ከተናወጠ አምስት ጊዜ አንብብና አማካዩን ውሰድ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" የሚባለው ለዚህ ነው፤ ባሕር ላይ የፈሰሰ ደግሞ አይለቀምም።

አንድ ሴንቲሜትር ምን ያህል እንደሆነ አብረን እናስላው። ርዝመቱ 25 ሜትር፣ ስፋቱ 13 ሜትር የሆነ የመርከብ ታንክ አስብ። የወለሉ ስፋት 325 ካሬ ሜትር ነው። በዚህ ታንክ ውስጥ አንድ ሴንቲሜትር ማለት 3,250 ሊትር ነው። መርከቧ እንዲህ ያሉ 12 ታንኮች ቢኖሯትና በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ ሴንቲሜትር ብትሳሳት 39,000 ሊትር ጠፋ ማለት ነው። ይህ አንድ ሙሉ ቦቴ ነው። ከጅቡቲ ተነስቶ፣ ስንት ኬላ አልፎ፣ ሾፌሩ እንቅልፍ አጥቶ ሆሳዕና የሚያደርሰው አንድ ሙሉ ቦቴ፣ በጣትህ ጥፍር ስፋት ውስጥ ይደበቃል። ሴንቲሜትር የናቀ ሰው ሌባ ባይሆንም ለሌባ በር ከፍቷል።

ቀጥሎ ሙቀቱ አለ። በዚህ ነገር ስንት ንጹሕ ሰው እንደተዋረደ ስላየሁ እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ነዳጅ ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። ናፍጣ በእያንዳንዱ ዲግሪ በ1,000 ሊትር ላይ ወደ 0.8 ሊትር ያህል ይለዋወጣል፤ ቤንዚን ከዚያም ይበልጣል። አሁን ጅቡቲ ላይ በ35 ዲግሪ ሙቀት 40,000 ሊትር ናፍጣ ተጫነ እንበል። ሆሳዕና ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደጋ ናት። ናፍጣው እዚህ ሲደርስ ወደ 20 ዲግሪ ቢወርድ፣ ማንም ጠብታ ሳይነካ ወደ 500 ሊትር የሚጠጋ ይጎድላል። ክብደቱ አልቀነሰም፤ የያዘው ቦታ ነው የጠበበው።

አንድ ከተማ ውስጥ በነበረ ማደያ በዚሁ ምክንያት ሾፌሩ በሰው ፊት ሌባ ተብሎ ሲዋረድ ቆሜ አይቻለሁ። ባለማደያው የመለኪያ ዘንጉን ታንክ ውስጥ ከቶ አወጣ፤ ጎደለ። ሾፌሩ ደሞዙ ሊቆረጥ ነው። ቴርሞሜትር አምጡ ብል የሰማኝ አልነበረም። ብዙ ካከራከርኩ በኋላ የተጫነበት ሙቀትና የተራገፈበት ሙቀት ተጽፎ ሲሰላ ጉድለቱ ከሞላ ጎደል ተሞላ። ሰውየው ግን ስሙ ቀድሞ ጎድፎ ነበር። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ይባላል፤ ልክ ነው፣ ይጠራል፤ ግን እስኪጠራ ድረስ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ አንተ የጻፍከው እያንዳንዱ ቁመት አጠገቡ ሙቀት ይኑረው። ከታንኩ ላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ለካ፤ በቀን ፀሐይ ያሞቀው ላዩና ባሕር ያቀዘቀዘው ታቹ አንድ አይደሉም። ከዚያ ልኩ ወደ አንድ የጋራ ሙቀት፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይመለሳል፤ ያኔ ነው ሻጭና ገዢ ስለ አንድ ነገር የሚነጋገሩት።

ውሃውን አትርሳ። ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ታች ይተኛል። "ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ" ብለው አባቶች የተረቱት ለሽምግልና ቢሆንም ለዚህም ሥራ ይሆናል፤ ሥሩ ድረስ ሂድ። ውሃ ሲነካው ቀለሙ የሚለወጥ ቅባት አለ፤ ሜትሩ ጫፍ ላይ ቀብተህ እስከ ታንኩ ወለል አውርደውና ትንሽ አቆየው። ቀለሙ የተለወጠው እስከየት እንደሆነ አንብብ፤ ያ ሁሉ ውሃ ነው። ናፍጣ ተብሎ የተገዛ ውሃ።

ናሙና አወሳሰዱን የሆሳዕና ቅቤ ገዢ እናቶች ያስተምሩሃል። እናትህን ጠይቃት። ደህና ገዢ ቅቤውን ላዩን አሽትታ አትገዛም፤ ስንጥር እስከ ልቡ ትሰድና አውጥታ ታሸታለች፣ በጣቷ ታሻለች፣ ሙዝ ወይም ድንች የተቀላቀለበት እንደሆነ እዚያው ትለያለች። ታንክም እንደዚሁ ነው። ከላይኛው ሦስተኛ እጅ፣ ከመሃሉ፣ ከታችኛው ሦስተኛ እጅ ውሰድ፤ ከወለሉም ጠብታ አውጣ። ጠርሙሱ ላይ ታንኩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን ጻፍና በሻጭም በገዢም ፊት አሽገው።

ይህን ያላደረጉ ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው ዓለም ያውቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 አሜሪካ ውስጥ፣ ኒው ጀርሲ፣ ባዮን በተባለ ቦታ ቲኖ ደ አንጀሊስ የሚባል ነጋዴ ታንኮቹ የምግብ ዘይት የሞሉ ናቸው እያለ በእነሱ ዋስትና ከትላልቅ ባንኮችና ኩባንያዎች ይበደር ነበር። መርማሪዎች መጥተው ሜትር ይሰዳሉ፤ ዘይት ይወጣል፤ ይፈርማሉ። ለካ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ዘይቱ ላዩ ላይ የተንሳፈፈ ነበር። አንዳንዱ ታንክ ውስጥ ደግሞ ልክ ከመለኪያው ቀዳዳ ሥር ዘይት የሞላበት ክፍል ተሠርቶ፣ ሜትሩ ከዚያ ሌላ የሚነካው አልነበረም። ሲታወቅ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠፋ፤ አሜሪካን ኤክስፕረስን የሚያህል ኩባንያ ተናጋ። መርማሪዎቹ ሜትር አልጎደላቸውም። የተታለሉት ባለቤቱ በመረጠላቸው ቀዳዳ ብቻ ስለለኩ ነው። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ።" ሰው መጥላት አይደለም መጠርጠር፤ ከሌላው ቀዳዳም አንድ ጊዜ ማውረድ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ለእኛ ለሐዲያና ለከምባታ ሰዎች ቅርብ የሆነ ከተማ ውስጥ ያልፋል። ደርባንን የማያውቅ ቤት በአካባቢያችን የለም፤ ስንቱ ወንድምህ ሱቅ ከፍቶ ያለው ደቡብ አፍሪካ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 መጨረሻ ሳሌም የምትባል ግዙፍ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ከኩዌት ድፍድፍ ጭና ወደ አውሮፓ ተነሳች። ደቡብ አፍሪካ ያኔ በአፓርታይድ ምክንያት ነዳጅ የሚሸጥላት እንደልብ አታገኝም ነበር። ሳሌም ስሟን ቀይራ በድብቅ ደርባን ገባች፤ ወደ 180 ሺህ ቶን የሚጠጋ ድፍድፍ አራገፈች። ከዚያ የጎደለውን በባሕር ውሃ ሞላችው፤ ከሩቅ ያያት ሰው ውሃ ውስጥ በደንብ ስለተቀመጠች እንደተጫነች ያምናል። በጥር ወር 1980 ሴኔጋል ፊት ለፊት ሠራተኞቿ ሆን ብለው አሰጠሟት። ያዳናቸው የእንግሊዝ መርከብ ሲደርስ "ድንገት ፈንድታ ሰጠመች" አሉ፤ ግን ሻንጣቸው ተዘጋጅቶ፣ ስንቃቸው ተቋጥሮ ነበር። ባሕሩ ላይ የተንሳፈፈው ዘይትም የዚያን ያህል ጭነት ከያዘች መርከብ የሚጠበቀውን አይደለም። ነገሩ መታወቅ የጀመረው በዚሁ ነው።

ከዚህ የምትወስደው ትምህርት አለ። መርከብ ውሃ ውስጥ መቀመጧ መጫኗን እንጂ ምን እንደጫነች አይናገርም። ሲጫን ከመጀመሩ በፊት ታንኩ ባዶ መሆኑን፣ ከቀድሞው ጭነት ምን እንደቀረ ለካ። ሲራገፍ ደግሞ በመጨረሻ ግድግዳውና ወለሉ ላይ የቀረውን ለካ። ሁለቱም ዜሮ ይሆናሉ ብለህ አትነሳ። ወደ ባሕር የሚከፈቱ ቫልቮች መዘጋታቸውንና መታሸጋቸውን፣ የማኅተሙንም ቁጥር ራስህ ተመልከት። የመርከቡ ልክና የየብሱ ልክ ደግሞ ሁልጊዜ ይለያያሉ። ቱቦው ውስጥ የቀረ አለ፤ ሠንጠረዡም የራሱ ጠባይ አለው። ስለዚህ የመርከቧ ያለፉ ጉዞዎች ተሰብስበው ከየብሱ ልክ ጋር በስንት እንደምትለያይ ይታያል። ብዙ ጊዜ በጥቂቱ ትርፍ የምታሳይ መርከብ አንድ ቀን በድንገት ጉድለት ካሳየች፣ ያን ቀን ቁጭ ብለህ ከመጀመሪያው ጀምር።

ፈተና ይመጣብሃል። በሌሊት ትጠራለህ፤ ዝናብ አለ፤ ታንኩ 12 ነው። መኮንኑ "ስድስቱን ለክተናል፣ የቀረው ያው ነው፣ ፈርምና እንተኛ" ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ፖስታ ይዞ ይመጣል። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውን ተረት ከልጅነትህ ሰምተኸዋል። እኔ ይህን ተረት አልወደውም፤ አገር ያበላሸ ተረት ነው። በእሱ ፋንታ "ስም ከመቃብር በላይ ይውላል" የሚለውን ያዝ። በዚህ ሥራ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፤ የአንዱ ወደብ ወሬ ሌላው ወደብ ላይ ቀድሞህ ይደርሳል። አንድ ጊዜ በፖስታ የፈረመ ሰው ከዚያ ወዲያ ያለ ፖስታ የሚያምነው የለም።

ልኩ ካልተስማማ አትጣላ፤ ጻፍ። የተቃውሞ ደብዳቤ የሚባል አለ፤ ሌተር ኦፍ ፕሮቴስት ይሉታል። ያገኘኸውን ቁጥር፣ እነሱ ያሉትን ቁጥር፣ ሰዓቱን፣ ማን እንደነበረ ትጽፍና ለሌላው ወገን ታስፈርመዋለህ። አልፈርምም ቢል "ለመፈረም እንቢ አለ" ብለህ ያንኑ ትጽፋለህ። ሁሉም ነገር መርከቧ ገመዷን ከመፍታቷ በፊት ይለቅ። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" እንዳይሆን። መርከቧ ከሄደች በኋላ ታንኩ ባዶ ነው፤ ማን ለማን ይመሰክራል? "ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም" እንዲሉ፣ በጊዜው ያልጮኸውን ሰው የትም አገር ያለ ዳኛ አይረዳውም።

አሁን ነፍስህን ወደሚመለከተው ልምጣ። እስካሁን የተናገርኩት ስለ ገንዘብ ነው፤ ገንዘብ ይመለሳል።

ነዳጅ በቱቦ ሲሮጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ያከማቻል። ጭነቱ እንደቆመ ወዲያው ብረት ብትሰድበት ብልጭታ ዘልሎ ታንኩ ሊፈነዳ ይችላል። እሳት እንዳይነሳ የሚሞላው ኢነርት ጋዝ የሌለበት ታንክ ከሆነ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆይ። ማንም ቢጮህብህ ቆይ። ከናይሎን የተሠራ ገመድ ናሙና ለማውረድ አትጠቀም። ስልክህን ክፍልህ ትተህ ውጣ።

ከዚህ የከፋው ታንክ ውስጥ መግባት ነው። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። ኢነርት ጋዝ በገባበት ታንክ ውስጥ ኦክስጅኑ ከ8 በመቶ በታች እንዲሆን ተደርጓል፤ እሳት እንዳይነሳበት። እሳት የማይነሳበት አየር ሰውም አይኖርበትም። የኦክስጅን እጥረት ሽታ የለውም፤ ማስጠንቀቂያ የለውም፤ ሁለት ትንፋሽ ወስደህ ትወድቃለህ። ድፍድፍ ውስጥ ደግሞ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አለ፤ መጀመሪያ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፣ ሲበዛ ማሽተቻህን ያደነዝዝና ሽታው የጠፋ ይመስልሃል። ያኔ ነው የሚገድለው።

በዚህ ዓለም ላይ ታንክ ውስጥ ከሚሞቱት ብዙዎቹ የመጀመሪያው ሰው አይደሉም። ጓደኛው ሲወድቅ አይቶ "ልድረስለት" ብሎ የዘለለው ሁለተኛው ነው፤ ከዚያ ሦስተኛው። የእኛን ሰው ጠባይ አውቃለሁ፤ ወንድሙ ወድቆ እያየ የሚቆም የለም። እዚያ ግን ቁም። ደወሉን ምታ፤ የመተንፈሻ መሣሪያ ያደረጉት ሰዎች ይግቡ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደንብ መርከቦች እንዲህ ያለውን ታንክ ውስጥ ገብቶ የማዳን ልምምድ በየሁለት ወሩ የማድረግ ግዴታ አለባቸው፤ ልምምዱን እንደ ጨዋታ የሚያዩ ሰዎች አሉ፣ አንተ እንዳታይ። አየሩ በመሣሪያ ሳይለካ፣ የፈቃድ ወረቀት ሳይፈረም፣ በር ላይ ሰው ሳይቆም እግርህን አታስገባ። "በሞኝ ክንድ የዘንዶ ጉድጓድ ይለካበታል" ይባላል። አዲስ መጤ፣ ቋንቋ ያልጠና፣ እንቢ ማለት የሚያፍር ልጅ መርከብ ላይ ሲገኝ ክንዱን የሚፈልጉበት ብዙ ናቸው። "ወለሉ ላይ ምን እንደቀረ ግባና እይ" ቢሉህ "አየሩ የተለካበትን ወረቀት አሳዩኝ" በል። እንቢ ማለት በዚህ ቦታ ነውር አይደለም፤ ደንቡ ራሱ መብት ሰጥቶሃል።

አንተ የሞተር ሰው ነህ፤ ከዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በመካኒካል ምህንድስና ተመርቀህ የባሕር ሥልጠናውን ጨርሰሃል። ስለዚህ የጭነቱን ልክ የሚይዘው በዋናነት የመርከቡ ላይኛው ክፍል መኮንን ይሆናል። መርከቧ ለራሷ የምታቃጥለውን ነዳጅ ስትቀበል ግን ሜትሩን የሚይዘው የሞተር ክፍል ነው፤ እዚያ ተራው ያንተ ነው። ካፑቺኖ የሚሉት ማጭበርበር አለ፤ ነዳጁ ውስጥ አየር ይነፉበትና አረፋ ሆኖ ያብጣል፤ ስትለካው ሙሉ ነው፤ ሌሊቱን ሲያርፍ ቶኖች ጠፍተው ታገኛለህ። ሜትሩ ላይ አረፋ ካየህ፣ ቱቦው ከተንቀጠቀጠ፣ የሰጪው ጀልባ ፓምፕ ከተንኳኳ አቁምና ነገሩ እስኪረጋ ጠብቅ። ሲንጋፖር በዚህ ተማርራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጥር 2017 ጀምሮ ለከባድ የመርከብ ነዳጅ ክብደቱን የሚቆጥር መሣሪያ አስገዳጅ አደረገች። የማስረከቢያው ወረቀት 3 ዓመት፣ የታሸገው ናሙና ቢያንስ 12 ወር እንደሚቀመጥ አትዘንጋ፤ ኢንስፔክተር መጥቶ ሲጠይቅ ናሙናው የት እንዳለ የምታውቀው አንተ ሁን።

መርከብ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርት በ2005 ዓ.ም አካባቢ ከቻይና ካሠራቸው ዘጠኝ መርከቦች ሁለቱ፣ ባሕር ዳርና ሐዋሳ የተባሉት፣ ነዳጅ ጫኞች ነበሩ። የባሕር በር የሌላት አገር ልጆች በዓለም ባሕር ላይ ሞተር ሲያንቀሳቅሱ እንደኖሩ ለሚጠይቅህ ንገር፤ አንተንም በንቀት የሚያይ ሰው አይኑር።

በመጨረሻ ስለ ውልህ። ከአካባቢያችን ስንት ልጅ በደላላ ወሬ ኬንያንና ታንዛንያን አቋርጦ ሲሄድ መንገድ ላይ እንደቀረ ታውቃለህ፤ መሬት ተሽጦ፣ በሬ ተሽጦ። የመርከብ ሥራም የራሱ ደላላ አለው፤ "ይህን ያህል ክፈል፣ መርከብ ላይ አሳፍርሃለሁ" የሚል። የባሕር ሠራተኞችን መብት የሚደነግገው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ2006ቱ ዓለም አቀፍ ስምምነት መርከበኛን ለመቅጠር ገንዘብ ማስከፈልን ይከለክላል። የሚጠይቅህ ካለ ከመጀመሪያው ተሳስቷል። የባሕርተኛ ደብተርህን፣ ፓስፖርትህንና የሕክምና ወረቀትህን ራስህ ለመያዝ አትፈር። ውሉን ለክተህ አንብበው፤ የመርከቧ ስም፣ ባንዲራዋ፣ ደሞዝህ በምን ገንዘብ እንደሚከፈል፣ የውሉ ወር፣ የመመለሻ ትኬት የማን እንደሆነ፣ ብትታመም ማን እንደሚያሳክምህ ተጽፎ እይ። ያልተጻፈ ነገር ቃል ቢገቡልህም አልተገባልህም። እንግሊዝኛው የከበደህ አንቀጽ ካለ ሳትፈርም እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይዘኸው ና፤ አብረን እናነበዋለን።